ሀዲይኛ የለመደችው ህንዳዊት ጎረቤቴ

መምህርት ሆኜ ሆሳዕና ተመድቤ ስሄድ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አዲስ አበባ ተወልጄ በማደጌ ከአማርኛ ሌላ የማውቀው የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ነው። የተከራየሁት አንዲት ባላቸው የሞቱባቸው የሀዲያ ሴት ግቢ ውስጥ ነበር፤ እማማ እላቸዋለሁ። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ አንድ ህንዳዊ የሂሳብ መምህርና ሚስቱ ይኖሩ ነበር።

ባልየው ልክ የሆነ መልስ ሲያይ ራሱን ወዲያና ወዲህ ይወዘውዛል። ተማሪዎቹ «አይደለም» ያለ እየመሰላቸው ትክክለኛውን መልስ ያጠፉ ነበር። በዚህ እስኪግባቡ ድረስ አንድ መንፈቅ አለፈ። እሱ ግን ቢያንስ ሥራ ነበረው። ሚስቱ የእኔው እኩያ ናት፤ ከሞቃት የባሕር ዳርቻ ከተማ ስለመጣች የሆሳዕና ብርድ አንሰፈሰፋት። በሳሪዋ ላይ የባሏን ካፖርት ደርባ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትውላለች።

እማማ ጓሮ እንሰት ሲፍቁ አጠገባቸው መቀመጥ ጀመረች። አንዱን ዕቃ በጣቷ ታሳያለች፣ እማማ ስሙን ይነግሯታል። ጥሩ ነው፣ አማርኛ እየለመደች ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ቀን ሁለቱ ሲሳሳቁ ሰምቼ ብወጣ፣ ከሚያወሩት አንዲት ቃል እንኳን አልገባኝም። የለመደችው ሀዲይኛ ነበር።

«ለምን አማርኛውን አላስቀደምሽም?» አልኳት በእንግሊዝኛ።

«ባሌን ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ያናግሩታል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ቤት ነሽ» አለችኝ። «ከእኔ ጋር የሚውሉት እማማ ናቸው።»

ባልና ሚስቱ ሥጋ አይበሉም። እማማ መጀመሪያ ተጨነቁ፤ «ምን አብልቻቸው ነው ሰው የሚሆኑት?» ይሉኝ ነበር። ከዚያ አተካና ሠሩላቸው፤ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን ማለቴ ነው። ባልየው ሳህኑን ጠርጎ ሲጨርስ ራሱን ወዘወዘ። እማማ ጠልቶት ነው ብለው ፊታቸው ጠቆረ፤ አስረድቼ አረጋጋኋቸው።

በሁለተኛው ዓመት ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ፎንቆ በሚወስደው መንገድ አንድ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ቀበሌ ሴቶችን እንዳስተምር ተመደብኩ። መጽሐፉ በእኛው ፊደል የተጻፈ ሀዲይኛ ነው። ፊደሉን አነባለሁ፤ ያነበብኩት ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። የሚያስተረጉምልኝ የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ተጠርቶ ቀረ፤ እንዳጋጣሚ ህንዳዊቷ በእግር ለመንሸራሸር ብላ አብራኝ መጥታ ነበር።

አንድ ቃል ሰሌዳው ላይ ጽፌ አነበብኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደገምኩት፤ አሁንም አልገባቸውም። እሷ ከኋላ ሆና ቃሉን ጠበቅ አድርጋ ስትለው ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

«ቅቤ ማለት ነው» አለችኝ። «አንቺ ስትይው ግን ምንም አይደለም።»

እሷ ፊደሉን አታውቅም፣ እኔ ቃሉን አላውቅም። ሁለታችን ተደምረን አንድ አስተማሪ ወጣን። ለአራት ሳምንት ያህል እንዲህ ሠራን፤ ሴቶቹም ከበፊቱ በርከት ብለው ይመጡ ጀመር።

በአምስተኛው ሳምንት ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሹም ከአውራጃ መጣ። እሱም እንደኔ ከሌላ ክፍለ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ሀዲይኛ የማያውቅ ነው።

«ጓድ መምህርት፣ ይህች የውጭ ዜጋ እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ታስተረጉማለች።»

«ከምን ወደ ምን?»

«ከእንግሊዝኛ ወደ ሀዲይኛ።»

የምቀልድበት መስሎት ትኩር ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞሮ፣ «ስለ ሃይማኖት ወይም ስለ ፖለቲካ የነገረቻችሁ ነገር አለ?» አለ። ሴቶቹ አማርኛ አይሰሙም። እኔ ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤ እሷም ስለ ራሷ የተጠየቀውን በሀዲይኛ ጠየቀቻቸው። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሴት የመለሱት በዚያው መንገድ ተመልሶ መጣ፤

«ስለ አገሯ ጠየቅናት። እኛ ጋ እንሰት የለም አለችን። አዘንንላት።»

ሹሙ ሊስቅ ነበር፤ ዋጠው። «ከከተማ የምትወጣበት የይለፍ ወረቀት አላት?» አለ። አልነበራትም።

ክፉ ሰው አልነበረም፣ የፈራ ሰው ነው። በዚያን ጊዜ ማን ያልፈራ ነበር? ሰኞ ርዕሰ መምህሩ ባልየውን ጠርተው ሚስቱ ሁለተኛ ከከተማ እንዳትወጣ ነገሩት። ሁለት ቀን አለቀሰች። ሳላስብ ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝና ፊቷን ማየት አፈርኩ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ግን ከሴቶቹ አምስቱ ቅቤያቸውን ሸጠው በራችንን አንኳኩ። መጽሐፋቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። እማማ አጎዛ አነጠፉላቸው። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱ በየገበያው ቀን እማማ ግቢ ሆነ። ሹሙ አንድ ቀን ሲያልፍ ድምፃችንን ሰምቶ ገባና እማማን ምንድን ነው ይህ ብሎ ጠየቃቸው። አማርኛ አሳምረው የሚችሉት እማማ በሀዲይኛ ረጅም መልስ ሰጡት። ወደ እኔ ዞረ።

«እንግዶቻቸው ናቸው» አልኩ።

ደብተሩን ሳይገልጥ ሄደ።

የባልየው ውል ሲያልቅ አውቶቡስ ተራ ሄደን ሸኘናቸው። ሴቶቹ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አምጥተውላት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እማማ በመስኮቱ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም እየሳቀች እንባዋን በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ መለሰችላቸው። ግማሹ እንኳን አልገባኝም። ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ምን ተባባላችሁ፣ እማማ? ይንገሩኝ» አልኩ።

«ቋንቋውን ራስሽ ተማሪው» አሉኝ።

ሀዲይኛ ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ፤ አነጋገሬ ግን እስከ ዛሬ የህንዳዊቷን አያህልም።