ሙሽራው ቀሚስ የለበሰ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ለሥራ ባኮ ደርሼ ወደ አምቦ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች በስልክ ቪዲዮ እያዩ ይሳሳቁ ነበር። አንገቴን አስግጌ አየሁ። የት አገር እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ረጅም ሰውዬ ጉልበቱ ላይ የሚደርስ ጉርድ ቀሚስ ለብሶ በሰው መሃል ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ከኋላው ሰው ይከተለዋል፣ ያፏጭበታል፣ ፎቶ ያነሳዋል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት አይተው አማተቡና "ወይ ስምንተኛው ሺህ!" አሉ። የበቆሎ ዘር ከረጢቱን እግሮቹ መሃል ያቆመ ገበሬ ደግሞ ስልኩን መልሶ እየሰጠ "ይሄማ ወንድ አይደለም" ብሎ ፈረደ።

እኔ ዝምታ ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። "እኔም ለብሼ አውቃለሁ" አልኩ። "ያውም በሰርጌ ቀን።"

ረዳቱ ሳይቀር ዞሮ አየኝ፤ እናትየውም ወደ መስኮቱ ትንሽ ፈቀቅ ያሉ መሰለኝ። ከጌዶ ጀምሬ ጉደር እስክንደርስ አወራሁላቸው። እዚያ የጀመርኩትን እዚህ በደንብ ልጨርሰው።

ነገሩ የመጣው በፈረስ ነው። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ አምቦ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሌሊሴ የጉደር ልጅ ናት፣ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ። አባቷ ኦቦ ቶለሳ በአካባቢው የታወቁ ገበሬና ፈረሰኛ ነበሩ። ሰው ሲያናግሩ መጀመሪያ ወደ እግር፣ ቀጥሎ ወደ ዓይን ያያሉ፤ ፈረስ ሲገዙም እንደዚያው ነው ይባላል። እኔ የአምቦ ከተማ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ሱቅ ነጋዴ፣ ቤታችን ውስጥ ከድመት በቀር አራት እግር ያለው ነገር አልነበረም። ታዲያ እኚህን ሰው ለማስደነቅ ምን አሰብኩ? በሰርጌ ቀን በፈረስ ልሄድ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአንደኛ ሚዜዬ ከግርማ ጋር ፈረስ ልንመርጥ ወንጪ ወጣን። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ቤት ገብተን ትኩስ ቆጮ በጎመንና በሚጥሚጣ በላን። እስከዛሬ አፌ ላይ ያለ ጣዕም ነው። ከዚያ ነጭ ፈረስ አመጡልኝ። ባለቤቱ "መጀመሪያ በእርምጃ ይሂድ" ቢለኝም ሽምጥ ካልጋለብኩ ብዬ ቁልቁለቱን ለቀቅኩት። ፈረሱ ጥሩ ፈረስ ነበር፤ ጥሩ ያልነበርኩት እኔ ነኝ። መንገዱ ሲታጠፍ እሱ ታጠፈ፣ እኔ ቀጥ ብዬ ሄድኩ።

ታፋዬ ተሰበረ። ሐኪሞቹ ከዳሌዬ በታች እስከ ጉልበቴ ድረስ በውጭ በኩል ብረት አሰሩልኝ፤ ብረቱ ቆዳዬን በስቶ አጥንቱን የያዘ፣ ወደ ጎን እንደ አጥር የወጣ ነው። በዚያ ላይ ሱሪ የሚባል ነገር አይገባም። እህቴ ሰብለ ሰፊ ጥቁር ጉርዷን አምጥታ አለበሰችኝ። ልቃወም ስል ዙሪያዬን አየሁ። በክፍሉ ውስጥ እግራችን የተሰበረ ወንዶች ሁላችንም ቀሚስ ለብሰናል። ከእኔ ቀጥሎ የተኛው ጢማም የመኪና ሹፌር የሚስቱን ባለ አበባ ቀሚስ ለብሶ ስለ ፍሬን ያወራኛል። ማንም አይስቅም፤ እዚያ ቤት የሚገርመው ሱሪ የለበሰ ነበር።

ችግሩ ውጭ ነው የጠበቀኝ። ሰርጉ ለጥር መጨረሻ ተቆርጧል፣ ከዚያ በኋላ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቤተሰቦቼ ቀኑ እንዲገፋ የሚለምኑ ሽማግሌዎች ወደ ጉደር ላኩ። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቴ ነበር፤ ጨዋ ሰው፣ ጨዋነቱ የበዛ። በሰርግ ቤት ክፉ ነገር አይነሳም፣ ስብራት የሚባል ቃል ከአፋችን አይወጣም ብለው ተማምለው ነው የሄዱት። ገብተው ከተቀመጡ በኋላ "ልጃችን ትንሽ አልተመቸውም፤ ቀኑ ገፋ ቢል ደስ ይለናል" አሉ። ኦቦ ቶለሳ "ምኑን ነው ያልተመቸው?" ሲሏቸው፣ አጎቴ "እንዲያው ትንሽ ነገር ነው" ብሎ ወሬውን ወደ አዝመራው አዞረ። ደጋግመው ቢጠይቋቸው ደጋግመው ስለ ጤፉ ማማር ነገሯቸው። ተመርቀው፣ ጠላ ጠጥተው፣ ሥራውን በሚገባ ሠራን ብለው ተመለሱ።

የዚያን ቀን ማታ ሌሊሴ ደወለች። ድምጿ ተለውጧል።

"አባባ ተቆጥቷል። እግሩ ነው ብዬ ነገርኩት። 'እግሩ ከሆነ እግሩ ነው አይሉኝም? ስለ ጤፍ የሚያወሩኝ የሚደብቁት ቢኖር ነው። ወይ ልጁ ሐሳቡን ለውጧል፣ ወይ ጭራሽ አይቆምም' አለኝ። በቀኑ ቆሞ ይምጣና በዓይኔ ልየው፣ ካልመጣ ሌላ ቀን የለም ብሏል።"

"አንቺስ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? ይመጣል አልኩ።"

እስከዚያ ድረስ እግሬን ነበር የማስበው። ከዚያች ስልክ በኋላ እግሬን ረሳሁት። ሐኪሙን ለምኜ፣ በክራንች መቆም ተለማምጄ፣ ጥር ሲጋመስ ከሆስፒታል ወጣሁ።

የሆስፒታሉን በር እንዳለፍኩ ዓለም ተገለበጠ። ያ ማንም ያላየው የእህቴ ጉርድ በአምቦ ዋና መንገድ ላይ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ታየ። የባጃጅ ሹፌሮች ጡሩንባ ነፉ። አንዱ "እመቤት፣ የት ላድርስሽ?" አለኝ። ሸንኮራ የምትሸጥ ሴት ቢላዋዋን እንደያዘች አፏን ከፍታ ቀረች። አብሮኝ የተማረ ልጅ አይቶኝ እንዳላየ መንገድ ተሻገረ፤ ከሁሉም ያ ነው ያመመኝ። በእኛ ሰፈር ፈሪ የተባለን ሰው "ቀሚስ ልበስ!" ብሎ መስደብ የተለመደ ነው፤ እኔም ኳስ ሜዳ ላይ ስንቱን ብያለሁ። ፊቴ በርበሬ መሰለ። ግን በክራንች መሮጥ አይቻልም። ቀስ ብዬ በመሃላቸው ከማለፍ በቀር ምርጫ አልነበረኝም፣ አለፍኩም።

የሄድኩት ገበያው አጠገብ ወዳለው የልብስ ሰፊው ጋሽ ደምሴ ቤት ነው። ጥቁር ሰማያዊ የሰርግ ሱፌን ሰፍቶ ሰቅሎታል። የሱሪውን አንድ እግር ከላይ እስከ ታች ቀደደው፣ ቁልፍ አደረገለት፣ አለበሰኝ። ብረቱ ወጥቶ፣ ጨርቁ ተንጠልጥሎ፣ የውስጥ ሱሪዬ ለገበያተኛው ታየ። ሰብለ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ውጭ ወጣች።

"ጋቢስ ብደርብበት ጋሽ ደምሴ?"

"ጋቢ እጅ ይፈልጋል፤ ያንተ እጅ ክራንች ላይ ነው። መሃል መንገድ ላይ ቢወድቅብህስ?" አለና ሜትሩን ከአንገቱ ላይ አወረደ። "ቀሚስ ከሆነ ቀሚስ ይሁን። ግን የተውሶ አይሁን፣ የሙሽራ ይሁን።"

ከዚያው ከሱፉ ጨርቅ ሰፋልኝ። እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ገበር ያለው፣ በብረቱ በኩል ሰፋ ያለ። ወንድ ያለ ኪስ አይሄድም ብሎ ሁለት ኪስ ጨመረበት። እናቴ ስታየው አልጋ ላይ ተቀመጠችና "ሰው ምን ይላል?" ብላ አለቀሰች። የልጇን ሰርግ ስንት ዓመት የጠበቀች ሴት ናት፣ አልፈርድባትም። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ግን ካውያውን ከሰብለ እጅ ቀምታ ራሷ ተኮሰችው።

ወደ ጉደር ስንሄድ አቧራው ቀላል አልነበረም፤ ጤፉ ተወቅቶ ሜዳው ሁሉ ገለባ ነው። እኔ ከኋላ ወንበር እግሬን ዘርግቼ፣ ከወገቤ በላይ ኮትና ክራቫት፣ ከወገቤ በታች ቀሚስ። ግርማ ምስኪን፣ በር ላይ የሚላቸውን ግጥሞች ለሁለት ወር ሲያጠና ነው የከረመው፤ ሁሉም ስለ ፈረስ ነበሩ።

የሙሽሪት ወገን በር ዘግቶ አላስገባም ማለቱን የማያውቅ የለም። ሚዜዎች ይገፋሉ፣ ሴቶቹ ይገፈትራሉ፣ ተሰዳድበው ተሳስቀው ነው የሚገባው። ከመኪናው ስወርድ ግን ሁሉም ወደ ቀሚሴ ዞረ። ከዚያ ከበሮ የያዘችው የሌሊሴ አክስት ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ ዓይኗ በራ። እንዲህ ያለ ሲሳይ መቼም ደርሷት አያውቅ።

"ሙሽሪትም ቀሚስ፣ ሙሽራውም ቀሚስ፣
የቱን እንዳርና የቱን እንመልስ?"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። በኦሮምኛ ሌላ ጨመሩ፣ እሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነበር። ሚዜዎቼ እንዳይገፉ እግሬን ፈሩ፤ ግርማ አፉን ይከፍታል፣ ፈረስ እንጂ ሌላ አይመጣለትም። ከሴቶቹ ጀርባ፣ በረንዳው ላይ፣ ኦቦ ቶለሳ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ቆመዋል። አይስቁም። ወደ እግሬ ነው የሚያዩት።

እኔ ግጥም ብዬ አላውቅም። ያን ዕለት ግን ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ክራንቼን መሬት ላይ መታሁና፦

"ፈረስ ጥሎኝ ነው'ንጂ ቀሚስ የለበስኩት፣
ሌሊሴን ብዬ ነው በንጨት የመጣሁት!"

አልኩ። አክስትየው ከበሮዋን አንስታ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተቀበሉ፣ የእኔኑ ግጥም ቀምተው ለእኔ ዘፈኑት። ኦቦ ቶለሳ ሴቶቹን በእጃቸው ገለል አድርገው መጡ። ከበሮው ቆመ።

"ብረቱን አሳየኝ" አሉ።

ቀሚሴን ከጉልበቴ በላይ ሰብሰብ አደረግኩ። ጎንበስ ብለው ጊዜ ወስደው አዩት፤ ልክ ፈረስ እንደሚያዩ።

"ይሄን ነው በጤፍ የሸፈኑብኝ?" አሉ ወደ አጎቴ እያዩ። አጎቴ መሬት መሬቱን አየ። "ያማል?"

"ያማል፣ ኦቦ ቶለሳ።"

"በአምቦ መሃል እንዲህ ሆነህ አለፍክ?"

"አለፍኩ።"

"አልሳቁብህም?"

"በደንብ ነው የሳቁብኝ።"

ቀና ብለው ዓይኔን አዩ። ከዚያ ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩና ድምጻቸውን ከፍ አድርገው "ሱሪ ለብሶ የሚቀር ስንት አይቻለሁ። ይሄ ቀሚስ ለብሶ መጣ!" አሉ። በሩን በሁለት እጃቸው ወለል አድርገው ከፈቱት። "ሴኒ! ግባ ልጄ!"

የዚያን ቀን እልልታ ጆሮዬ ውስጥ እስከዛሬ አለ። ከዚያ በኋላ የሆነውማ ሁሉ ፌሽታ ነው። ሽማግሌዎች እየመጡ የቀሚሴን ጨርቅ በጣታቸው አሻሹ። አንዱ ለብርድ ይሻላል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ እግር ማጠፍ የማይችሉ ሌላ ሽማግሌ ደግሞ የልብስ ሰፊውን ስም አስነገሩኝ። ጭፈራ ሲጀመር ወንበር አምጥተው መሃል አስቀመጡኝ። ትከሻዬ አልተሰበረ! ኦቦ ቶለሳ ዱላቸውን እያነሱ ከፊቴ ዘለሉ፣ እኔ ተቀምጬ በትከሻ መለስኩላቸው፣ እናቴ ሳቅና እንባ ተቀላቅሎባት ጨርቄ እንዳይቆሽሽ ጫፉን ከሥር ትሰበስብልኛለች። በፈረስ ብገባ ኖሮ እንደዚያ የሚቀበለኝ አልነበረም፤ ፈረስ የጉደር ሰው በየቀኑ ያያል።

ሚኒባሱ ጉደርን ሲያልፍ ገበሬው ከረጢቱን ተሸክሞ ወረደ። ከመውረዱ በፊት ጨበጠኝ፣ ስለ ቪዲዮው ሰውዬ ግን ሐሳቡን አልቀየረም፤ "ያንተ ምክንያት አለው" አለኝ። እኔ እንጃ። ያ ሰውዬ ለምን እንደለበሰው እኔም እሱም አናውቅም። እኔ የማውቀው ሳቁን ነው። ሳቅ ከፊት ለፊት ሲያዩት ተራራ ያክላል፤ እየሄዱ ከሆነ ግን ከጀርባ ይቀራል፣ ሰውም ወደ ሥራው ይመለሳል። ይሄን ለመማር ታፋ መስበር ባያስፈልግም ለእኔ አስፈልጎኛል።

ቤት ስገባ ሌሊሴ የተማሪዎቿን ደብተር እያረመች አገኘኋት። የመንገዱን ወሬ ነገርኳትና፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኳት።

"እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን አፍረሽብኝ ነበር?"

ቀይ እስክሪብቶዋን ሳታስቀምጥ ሳቀች። "አፈርኩ እንጂ! በመስኮት ሳይህ መሬት ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።"

"እስከ መቼ?"

"እስክትገባ ነዋ" አለች። "ይመጣል ብዬ ባትመጣ ኖሮ ግን እስከ ዛሬ አፍር ነበር።"