በዝግታ የሰማነው ሸክላ

ቡታጅራ በሚገኘው ቤታችን፣ አባቴ በገዛ እጁ በሠራው የዋንዛ መደርደሪያ ላይ፣ አንድ የሸክላ ማጫወቻና አንድ ሸክላ ነበሩ። ሁለቱም የታላቅ ወንድሙ ንብረቶች ናቸው። አጎቴ በደርግ ዘመን ለትምህርት ሩሲያ ተልኮ ሲመለስ፣ ሌሎቹ ማቀዝቀዣና ብርድ ልብስ ይዘው ሲገቡ እሱ ሸክላ ተሸክሞ መጣ። መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ታሞ ሞተ፤ እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም።

አባቴ የወንጌል አማኝ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችንም በሽማግሌነት አገልግሏል። ውርሱ ወደ ቤታችን በገባ ጊዜ የሰው ድምፅ ያለባቸውን ሸክላዎች በሙሉ ለይቶ ለፈለጋቸው ሰጠ። በቤታችን ዘፈን አይሰማም። የቀረው አንዱ የሩሲያ አቀናባሪዎች አጫጭር የኦርኬስትራ ሥራዎች የተቀረጹበት ነበር። ቃል ከሌለው ዘፈን አይደለም፤ ዘፈን ካልሆነ ኃጢአት የለበትም። የአባቴ ፍርድ ይህ ነበር፤ የተቃወመውም አልነበረም።

ሸክላው ትልቅ፣ እንደ ሳህን የወፈረና የከበደ፣ ስለ ድምፅ ጥራት አብዝተው ለሚጨነቁ አድማጮች ተብሎ የተሠራ ነው። አባቴ እሑድ ከአምልኮ መልስ ጠርዙን ብቻ በመዳፎቹ ይዞ ያወጣዋል፤ በለስላሳ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ መርፌውን እንደ ተኛ ሕፃን ያወርዳል። ቫዮሊኖቹ ከሩቅ እንደሚመጣ ጎርፍ ይጀምራሉ። የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ሸክም ይዞ አቀበት እንደሚወጣ ሰው እየቃተቱ ይከተላሉ። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ ይሰማል።

ከወንድሙ ጋር የተለያዩት በመልካም አልነበረም። አጎቴ በእምነት ያላግጥ ነበር፤ አባቴም በመጨረሻው ጠባቸው «ከእንግዲህ ስለ ነፍስህ አልጠይቅህም» ብሎት ወጣ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አልተገናኙም። በእኛ እምነት ደግሞ ለሞተ ሰው አይጸለይም። ስለዚህ ስለ ወንድሙ የቀረው ተስፋ ይህ የሚያለቅስ ሙዚቃ ብቻ ነበር።

«ይህን ሲሰማ የኖረ ሰው ልቡ በፈጣሪው ፊት አልተሰበረም አትበለኝ» ይለኝ ነበር።

ወልቂጤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ጥግ ባገኘሁት አሮጌ የውጭ መጽሔት ላይ ስለ ሸክላ የተጻፈ ነገር አነበብኩ። ትንንሾቹ ሸክላዎች በደቂቃ አርባ አምስት፣ ትልልቆቹ ሠላሳ ሦስት ጊዜ እንደሚዞሩ በቤታችን ያልታወቀ አልነበረም። መጽሔቱ ግን፣ አጫጭር ሥራዎችን የያዙ አንዳንድ ትልልቅ ሸክላዎች ድምፃቸው እንዲጠራ ሲባል በአርባ አምስት እንደሚቀረጹ ያስረዳል። በሸክላችን መሐል፣ ማናችንም ማንበብ ከማንችለው የሩሲያ ጽሑፍ ግርጌ፣ የፋብሪካ ቁጥር ነው ብለን የተውነው አርባ አምስት ትዝ አለኝ። የሰው ድምፅ ያለበት ሸክላ ቀርቶ ቢሆን ስሕተቱ በመጀመሪያው ቀን በታወቀ ነበር፤ የሰው ጉሮሮ ሲጎተት ማንም ይለየዋል። እኛ ግን ድምፁን ከነኃጢአቱ አስወጥተን፣ መለኪያውንም አብረን አስወጥተነዋል።

በአረቅጥ በኩል ወደ ቡታጅራ በሚወስደኝ ሚኒባስ ውስጥ ሌላ አላሰብኩም። ብነግረው ተስፋውን እነጥቀዋለሁ። ባልነግረው ያልነበረ ወንድም ሲያፈቅር እንዲኖር እተወዋለሁ።

እሑድ ሸክላው መዞር እንደ ጀመረ የአባቴ አብሮ አደግ ገቡ። የመስቃን ሰው፣ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ ለአጎቴም ጓደኛው ነበሩ።

«አሰላሙ ዐለይኩም! ዛሬም ሬሳው አልወጣም?»

«ወዐለይኩም ሰላም። ተቀመጥ፤ አትለፍልፍ» አለ አባቴ።

«ወላሂ፣ ያ ሰው ለዚህ ብሎ ከሆነ ሩሲያ ድረስ የለፋው፣ እዚሁ ለቅሶ ቤት ይበቃው ነበር።»

«አንተ ከበርበሬ ሌላ ምን ታውቃለህ?»

ዝም ማለት አልቻልኩም።

«አባዬ፣ ሸክላው ከሚገባው በላይ በዝግታ የሚዞር ይመስለኛል።»

ያነበብኩትን ነገርኩት፤ ሸክላውን አቁሜም ቁጥሩን አሳየሁት። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አሳረፈ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ቀይረው» አለ።

የፍጥነቱን ማስተካከያ አዞርኩና መርፌውን መልሼ አወረድኩ። ቫዮሊኖቹ ፈነጠዙ። ሲቃትቱ የኖሩት የትንፋሽ መሣሪያዎች ያሾፉ ጀመር፤ ከበሮው እግር የሚያስነሳ ነበር። ያደግሁበት ሐዘን የሠርግ ቤት ጭፈራ ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ሥራ ያውም አባቴ ወንበሩ ላይ በወጉ ሳይመቻች አለቀ።

እንግዳችን ጉልበታቸውን መቱ። «እሱ ነው! ወላሂ ራሱ ነው! መንገድ ሲሄድ እንኳ እንዲህ ነበር!»

አባቴ አልሳቀም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ሐዘን የማን ነበር?» አለ።

የእንግዳችን ሳቅ ተቋረጠ። «ያንተ ነዋ፣ ወንድሜ» አሉት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሸክላውን አንሥቶ እስከ ወዲያኛው የሚያስቀምጠው መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን ፊቱን ወደ ጓደኛው አዞረ።

«አንተ እስኪሞት ድረስ አጠገቡ ነበርክ።»

«ነበርኩ።»

«አንድም ቀን አልጠየቅሁህ።»

«አልጠየቅኸኝም። ያን ሙዚቃ ከፍተህ ዐይንህን ስትጨፍን፣ እኔስ በየት በኩል ልግባ?»

አባቴ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣጠፈ። «ስለ እኔ ያነሣ ነበር?»

«ሳያነሣ የዋለበት ቀን አልነበረም።»

«ምን እያለ?»

መርፌውን አነሣሁ፤ ማጫወቻውንም አጠፋሁት። እንግዳችን ወንበራቸውን ወደ አባቴ አስጠጉ።

«ከስድቡ ልጀምርልህ ወይስ ከናፍቆቱ?»

«ከስድቡ ጀምር» አለ አባቴ።