አርባ አንደኛዋ አባል

ከመዘንኳቸው ማኅበራት ሁሉ ዝቅተኛውን ነጥብ የሰጠሁት ለዚያ የሴቶች ማኅበር ነው። ኮምፒውተር የለም። ኢሜይል የለም። «የመረጃ ደኅንነት መመሪያ አላችሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ላይ ስንደርስ ሊቀመንበሯ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰነዳችሁን ሌላ ሰው እንዳያየው ምን ታደርጋላችሁ ማለት ነው አልኳቸው። ማተባቸው ላይ የታሰረ ቁልፍ አውጥተው አሳዩኝ። የአባላቱ ደብተር ሳጥን ውስጥ ነው፣ ሳጥኑ አልጋ ሥር ነው፣ ቁልፉ ይኸው። እኔም በታብሌቴ ላይ «የለም» የሚለውን ነካሁ።

ካርቱም ከገባሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ በፖለቲካ ሰበብ ወጥቼ እዚህ ያልሞከርኩት ሥራ የለም። ሱዳኖች አደባባይ ወጥተው የቀድሞውን መንግሥት ካወረዱ በኋላ ማኅበራትና ድርጅቶች እንደ አሸን ፈሉ። እኔን የቀጠረኝ ድርጅት ሥራው ትንንሾቹን መደገፍ ነበር፤ የኔ ድርሻ ደግሞ እየዞርኩ «የዲጂታል ዝግጁነታቸውን» መመዘን። ከዚያ ወታደሮቹ ሥልጣኑን መልሰው ያዙ፣ ሰልፉም እንደገና ጀመረ። ቅጹ ግን አልተቀየረም።

በዚያ ሰሞን ምንም አይሰማኝም ነበር። አስለቃሽ ጭስ ሲተኮስ ዓይኔን ታጥቤ ሥራዬን እቀጥላለሁ። ሰው ተገደለ ሲሉኝ «ስንት?» እላለሁ፣ ሻዬንም እጨርሳለሁ። እንዲህ መሆኔ ያስፈራኝ ነበር፤ ፍርሃቱ ራሱ ግን የጎረቤት ፍርሃት ያህል ሩቅ ነበር።

የማኅበሩ አባላት አብዛኞቹ በየሰው ቤት የሚሠሩ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው። ዓርብ ዓርብ፣ የእረፍት ቀናቸው ነውና፣ ከወንዙ ማዶ ባሕሪ በሚባለው ከተማ ሊቀመንበሯ በተከራዩት ክፍል ይሰበሰባሉ። «ለአባሎቻችሁ መረጃ የምታስተላልፉት በምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ሴትዮዋ መረጃ የሚሉት ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ፤ መርዶ። አንዷ አገር ቤት ሰው ሲሞትባት የሚደወለው ለእሷ ሳይሆን ለሊቀመንበሯ ነው። እሳቸው ለሌሎቹ ይነግራሉ፣ ሁሉም አፋቸውን ይዘው ዓርብን ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ተሰብስበው ያረዷታል።

«በሰው ማጀት ድስት ስታጥብ ብቻዋን እንዳትሰማ ነው» አሉኝ። «ማኅበሩ የቆመው ለዚህ ነው። ሌላው ትርፍ ነው።»

ቅጹ ላይ ያሉት ምርጫዎች ድረ ገጽ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ አጭር መልእክትና «ሌላ» ናቸው። «ሌላ» ነጥብ የለውም። «ሌላ» የሚለውን ነካሁ።

ነጥቡ ዝቅ ያለ ማኅበር ድጋፍ ይገባዋል፤ ድጋፉ እኔ ነኝ። ከሁለት ወር በኋላ ደግሜ ስመዝናቸው ከፍ ብለው መገኘት ነበረባቸውና የዋትሳፕ ቡድን ላቋቁምላቸው ተስማማን። ሊቀመንበሯ ማንበብ ስለማይሆንላቸው ድምፅ መቅዳት አስተማርኳቸው፤ ባንድ ቀን ለመዱት። ስልክ ቁጥሮቹን ደግሞ አንዲት ጎረቤታቸው ከደብተሩ እያነበበችላቸው፣ እሳቸው «እሺ» ያሉትን እኔ አስገባሁ። አርባ ሆኑ።

ማታ ቤቴ ገብቼ ፎቶ ካነሳሁት ደብተር ጋር አመሳከርኩ። ደብተሩ ላይ ያሉት አርባ አንድ ናቸው። የቀረችው ካርቱም ውስጥ አል-ማንሺያ ሰፈር የምትሠራ ሴት ናት፤ ከስሟ አጠገብ በእርሳስ ነጥብ ተደርጓል። ረስተዋት ነው አልኩ። ቅጹ «ሁሉም አባላት መልእክት ይደርሳቸዋል ወይ?» ይላል፤ አርባ ደግሞ ሁሉም አይደለም። ጨመርኳት። ማንንም አልጠየቅሁም።

ነጥቧ ያልተነገራት ሞት አለ ማለት ነበረች። እናቷ አገር ቤት ያረፉት ቡድኑን ካቋቋምንበት ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብለው ነው፤ ሊቀመንበሯም ዘለው ያለፏት ሆን ብለው ነው፣ ሌሎቹ በቡድኑ ስለ መርዶዋ እንዲመካከሩ። እኔ እናቴን በመርዶ የተረዳሁ ሰው ነኝ። ጎረቤቶቼ ሳምንት ሙሉ ፊቴን ማየት ሲሸሹ ቆይተው አንድ ማለዳ በሬን ያንኳኩብኝ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ የዚያች ነጥብ ትርጉም ምን ይሆን ብሎ መጠየቅ አልመጣልኝም። የአገሬን ሰው በአገሬ ሰው ዓይን ሳይሆን በቅጹ ዓይን ነበር የማየው፤ ሌላ ማመካኛ የለኝም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቡድኑ ተሟሟቀ። የስልኬን ድምፅ አጥፍቼው ስለነበር መልእክቶቹን አልሰማኋቸውም፤ ብዛታቸውን ብቻ አይቼ ሪፖርቴ ላይ «ተሳትፎው ከፍተኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ሰልፍ ባለ ቁጥር ድልድዮቹ በኮንቴይነር ስለሚዘጉ ከባሕሪ ወደ ካርቱም መሻገር አይቻልም። የመጀመሪያው ዓርብ እንዲህ አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን ለሪፖርቱ ምሳሌ የሚሆን መልእክት ፈልጌ ቡድኑን ከፈትኩ። የሊቀመንበሯ ድምፅ ነው። «እህቶቼ፣ ዛሬም ኩብሪው መግፉል ነው ብለውኛል፣ ድልድዩ ተዘግቷል። የልጅቱ እናት ካረፉ አሥራ አንድ ቀን ሆነ። ለሚመጣው ዓርብ ኢንሻአላህ ሄደን እናርዳት። እስከዚያ አደራ፣ አፍ ይጠበቅ።» የአባላቱን ዝርዝር ከፈትኩ። ስሟ አለ። ያስገባኋትም እኔ ነኝ። ስልኬን ኪሴ ከትቼ ጃኬቴን ለበስኩ።

ከሱቅ ዐረቢ ገበያ ሚኒባስ ይዤ ባሕሪ ሄድኩ፤ ድልድዩ ከቀትር በኋላ ተከፍቶ ነበር። ለሊቀመንበሯ ያደረግሁትን እንዳለ ነገርኳቸው። ስልካቸውን ሰጡኝ። ላኪው ድምፁን ማን ማን እንደሰማ ማየት ይችላል፤ ያንንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን መልእክት ከፈትኩ። ስሟ ከሰሙት መሐል ነው፣ መልእክቱ በተላከበት ዕለት፣ ከምሳ ሰዓት በፊት።

«ሰምታለች?» አሉኝ።

«ሰምታለች እትዬ።»

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ?»

ቢሰድቡኝ በወደድኩ ነበር፤ አልሰደቡኝም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ሦስት ጎረቤቶቻቸውን ጠሩ፣ ወጣን። መንገድ ላይ አንደኛዋ ብቻ፣ ልጅቱ በቡድኑ አንድም ቃል እንዳልተነፈሰች ደጋግማ አነሳች፤ ምናልባት ድምፁ አልከፈት ብሏት ይሆናል አለች። ማናችንም አላመንናትም።

አል-ማንሺያ ያለው ቤት ትልቅ ነው። ደወሉን ስንደውል በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፣ እጇ የሳሙና አረፋ እንደያዘ። የተዘቀዘቁትን ነጠላዎች አየች። ፊቷ ላይ መደንገጥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የደከመው ሰው ፊት ነው።

«መጣችሁ» አለች። ከዚያ ወደኔ ዞር አለች። «ሁሉንም ሰምቻለሁ ጋሼ። ዓርብ ይላሉ፣ ኩብሪው ይዘጋል። ደግሞ ዓርብ ይላሉ። ብቻዬን ባለቅስ ማን ያነሳኛል ብዬ እስክትመጡ ጠበቅኋችሁ።»

ይቅርታ ማለት ፈለግሁ። ሊቀመንበሯ ግን የተናገረችውን ምንም ያልሰሙ ይመስል ጠጋ ብለው እጇን ያዙ። መርዶውን ከመጀመሪያው ጀመሩት።

«ልጄ፣ እናትሽ ታመው ነበር» አሏት።

«ምን ሆነች እናቴ?» አለች፣ ገና እንደምትሰማ ሰው።

ጠበል እንደተወሰዱ ነገሯት። ጥቂት ተሽሏቸው እንደነበር ነገሯት። ሐኪም ቤትም እንደገቡ ነገሯት። በየመሐሉ «እሺ» ትላለች፣ አንዱንም ሳታስዘልል። በመጨረሻ «አረፉ» አሏት። ያን ጊዜ ጮኸች። ሴቶቹም መሬት ሳትደርስ ያዟት።

ጩኸቱን ሰምታ አሠሪዋ፣ አንዲት ሱዳናዊት ወይዘሮ፣ ከቤት ሮጣ ወጣች። ከመሐላችን ወንድ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይሁን፣ ምን እንደሆነ የጠየቀችው እኔን ነው። እናቷ ሞተው ነው አልኳት በዐረብኛ። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ትናንት እኮ ለእንግዶቼ ምሳ ስትሠራ ነበር፣ አንድም ነገር አላለችኝም አለች። ከዚያ «መቼ ነው የሰማችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ልጅቱ ዐረብኛ ከኔ አብልጣ ታውቃለች። በሴቶቹ ክንድ ላይ እንዳለች ልቅሶዋን ገታ አድርጋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አሁን ነው» አልኳት ለወይዘሮዋ። «አሁን ነው የሰማችው።»

ልጅቱ ፊቷን ወደ ሊቀመንበሯ ደረት መልሳ ልቅሶዋን ቀጠለች። ወይዘሮዋ መዳፏን ዘርግታ «አል-በረካ ፊኩም» ብላ አጽናናችን፤ ጫማዋን አወለቀችና ከሴቶቹ መሐል መሬት ላይ ተቀመጠች። ማልቀስ ነበረብኝ። አልመጣልኝም፤ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ።