የሀብተወልድ አቻ

ደበሌ የታችኞቹ ሰው ነው። ይህን ሳያውቅ ስለ ደበሌ የሚያወራ ካለ፣ የሚያወራው ስለ ሌላ ደበሌ ነው።

ከቡታጅራ ወደ ዘቢዳር ተራራ ሽቅብ ሲወጣ፣ በእንሰቱ መሃል ሣር የለበሰ ሰፊ ጎዳና ያላት አንዲት መንደር ነበረች። ጎዳናውን ጀፎረ ይሉታል። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈውበታል፤ ከብት ይውልበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል፣ የገና ዕለት ደግሞ ጥንግ ይለጉበታል። ከጀፎረው ላይኛ ጫፍ የሚኖሩት ላይኞች፣ ከታች ያሉት ታችኞች ይባላሉ። ላይኞች ከብታቸው የበዛ፣ እንሰታቸው ቤት የሚደብቅ፣ ጎረምሶቻቸው ደልደል ያሉ ነበሩ። ታችኞች ደግሞ፣ እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ሰዎች ነበሩ።

ደበሌ ጢሙ ሳያጎነቁል ለታችኞች ዱላ ይዞ ገባ። ሽበት እስኪጀምረው ከዚያ አልወጣም። በዚያ ሁሉ ዘመን ታችኞች ያሸነፉበት ገና በጣት የሚቆጠር ነው። እሱ ግን ጥንጓ ከዱላው ሥር ስትገባ ጋጣዋን እንዳገኘች ላም ዝም ትልለት ነበር። አንድ ዓመት የፊት ጥርሱን ጥንግ ወሰደችው፤ በሌላ ዓመት ቅልጥሙን ሰበሩት። ጥርሱን መሬት ላይ ፈልጎ ኪሱ ከተተና ጨዋታውን ጨረሰ። ሰው መቼም ለሚሸነፍ ወገን ይህን ያህል ይደክማል? እሱ ደከመ።

ላይኞች ያዩታል፤ ያንገበግባቸዋል። በመጨረሻ ሽማግሌ ላኩበት። ቤቱን ነቅሎ ወደ ላይ ቢወጣ ደህና የቤት ቦታና የቆመ እንሰት እንደሚሰጡት ነገሩት። የእሱ መሬት ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚያቁር ነበርና ሚስቱ አደይ እግሩ ላይ ወድቃ እሺ በል ብላ አለቀሰች። ደበሌ ሽማግሌዎቹን ደህና አድርጎ አበላና፣ እኔ ወደ ላይ ከወጣሁ ከታች ማን ይሸነፍላችኋል ብሎ ሸኛቸው። አደይ ለሳምንት አኮረፈችው።

አሁን የዚያን መንደር ደንብ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከሱ ነውና። በዚያ ጀፎረ ማንም ዝም ብሎ ዱላ ይዞ አይገባም። እያንዳንዱ ሰው ከወዲያኛው ወገን አቻ አለው፤ በጉልበትም በዕድሜም የሚመጥነው። ጨዋታው ሊጀመር ሲል አቻና አቻ ፊት ለፊት ቆመው ዱላቸውን ያጋጥማሉ። አቻህ ታሞ ወይም መንገድ ሄዶ ከሆነ አንተም አትጫወትም። ዱላህን ከጀፎረው ዳር ታስቀምጣለህ፤ ቆልማማውን ጫፍ አቻህ ወዳለበት ታዞርና አጠገቡ ትቀመጣለህ። አቻህ ከሞተ ደግሞ ለቅሶው ላይ የእሱን ዱላ በእጅህ ትሰብራለህ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ አቻ መያዝ ትችላለህ። ደንቡ ይኸው ነው።

የደበሌ አቻ ሀብተወልድ ነበር። የላይኞቹ አውራ፣ ባለፈረስ፣ ሲስቅ ከጀፎረው ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሰው። የገና ዕለት እርስ በርስ ቅልጥም ለቅልጥም ይባባሉና በማግስቱ አንዱ የሌላውን እግር በቅቤ ያሻል። ደበሌ ቅልጥሙ በተሰበረበት ዓመት ማሳውን የቆፈረለት ሀብተወልድ ነው። ገና ሲደርስም ያ የላይኞች አውራ ዱላውን ዳር አስቀምጦ፣ ቆልማማውን ወደ ደበሌ ቤት አዙሮ ቁጭ አለ። ላይኞች ተቆጡ፤ ዘንድሮ ሊያሸንፉን ነው አሉ። እሱ ዘንጋዳ እየቆረጠመ ሲያይ ዋለ።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ቡታጅራ ላይ ሰፈረና ባንዲራውን ተከለ። ሀብተወልድ ጠመንጃውን ከእንሰት ሥር ቆፍሮ አወጣና ወደ ዘቢዳር ወጣ። አርበኛ የወጣበት ቤት እንደሚቃጠል፣ ሚስትና ዘመድ እንደሚታሰር ያን ጊዜ ያላየ አልነበረም። ስለዚህ መንደሩ መከረ፤ ላይኞችና ታችኞች ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሆኑ። ሀብተወልድ ለንግድ ወደ ወልቂጤ በኩል ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ ተባለ። ለቅሶ ተቀመጡ። ሚስቱ ውድነሽ ፀጉሯን ተላጨች፣ ፊቷን ነጨች። ፈረሱ በጌጡ እየተጎተተ ጀፎረውን ዞረ። ለጣሊያን አድሮ የባንዳ አለቃ የሆነው ተካ፣ የዚያው መንደር ልጅ ነውና፣ መጥቶ እዝን በላ።

ዱላ የመስበሩ ተራ ደበሌ ላይ ደረሰ። እሱ ግን ከዋዜማው ውድነሽን ለብቻዋ ጠርቶ ለምኗት ነበር። በሕይወት ያለ ሰው ዱላ አይሰበርም፣ አሮጌውን ስጪኝ አላት። ስለዚህ በለቅሶው ላይ የተሰበረው ሀብተወልድ ድሮ የጣለው ነቀዝ የበላው ዱላ ነው። ዋናው፣ በቅቤ የታሸው የወይራ ዱላ፣ ቆጡ ላይ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ቀረ። ደበሌ አሮጌውን ሲሰብር አለቀሰ። ለይስሙላ አይደለም፤ ሆዱ ባብቶ ነው።

አልፎ አልፎ ቆጮ ይዞ እንጨት ለቀማ የወጣ መስሎ ወደ ተራራው ይሄዳል። ሀብተወልድ ከስቷል፣ ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዷል፤ ሳቁ ግን ያው ነው። ስለ ለቅሶው ሁሉን አስነገረው፤ ማን ስንት እንዳለቀሰ፣ ማን እንደሰነፈ ጠይቆ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲለያዩ እጁን ያዘው።

«እስክመለስ ሌላ አቻ እንዳትይዝ» አለው። «ከያዝክ ግን በእውነት ነው የምሞትብህ።»

ቀልድ ነበር። ደበሌ ግን ቀልድ አድርጎ አልያዘውም።

በ፲፱፻፴ ዓ.ም. ገና ሲቃረብ የቡታጅራው የጣሊያን ሹም ትእዛዝ አወረደ። አገሩ ሰላም መሆኑን ለአለቆቹ ማሳየት ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ የዚያ መንደር ጨዋታ ዘንድሮ ከገበያው አጠገብ ባለው ሜዳ፣ እሱ ባለበት እንዲሆን አዘዘ። ሽማግሌዎቹ ደበሌን ጠሩት። ተካ ደንቡን ያውቃል፣ ዓይኑ አንተ ላይ ነው አሉት። አቻው ሞቶበታል፣ ዱላውንም ሰው ሁሉ እያየ ሰብሯል፤ እንግዲህ ሌላ አቻ ይዞ ካልገባ ሀብተወልድ አለ ማለት ነው። ከላይኞች ኃይሌ የሚባል ብርቱ ጎረምሳ መረጡለት። ደበሌ እሺ አለ። እውነቱን ነው እሺ ያለው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበረውም። ውድነሽም መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አደራ ብቻ ብላው ሄደች።

የገና ዕለት ሜዳው በሰው ተሞላ። ሹሙ ወንበር ላይ፣ ተካ ከጎኑ ቆሞ። ተጫዋቾቹ ሁለት ረድፍ ሠሩና አቻና አቻ እየወጡ ዱላ ማጋጠም ጀመሩ። እንደ ዘወትሩ የደበሌ ተራ መጨረሻ ነበር፤ አውራ ከአውራ መጨረሻ ነው የሚገጥመው። ወደ ፊት ራመድ አለና ቀና ሲል ሀብተወልድ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶውን ነው። ኃይሌ ገና ከረድፉ እየወጣ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ደበሌ ራሱ እስኪሞት ድረስ ሊያስረዳ አልቻለም። ረስቼ ነው አይልም፣ ሆን ብዬ ነው አይልም። ዕድሜውን ሙሉ ያንን ደንብ የለመደ እጁ ዱላውን ወደ ሜዳው ዳር ወስዶ ሣሩ ላይ አስቀመጠው። ቆልማማውንም አዞረ፤ ወደ ዘቢዳር። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠ።

ጣሊያኑ አንዳች ነገር አልገባውም። ተካ ግን መጀመሪያ ዱላውን አየ፣ ቀጥሎ ቆልማማው የሚያመለክተውን ተራራ አየ።

ኃይሌ ደርሶ ትከሻውን ሲነካው ደበሌ ነቃ፤ ምን እንዳደረገም ያን ጊዜ አወቀ። ተስፈንጥሮ ተነሳ፣ ዱላውን ነጠቀ፣ ከኃይሌ ጋር አጋጠመ፣ ወገቤን ይዞኝ ነው እያለ ሳቀ። ከዚያም በዕድሜው ተጫውቶት የማያውቀውን ጨዋታ ተጫወተ። ጥንጓን ከሰው እግር መሃል እየፈለቀቀ አወጣ፣ ደጋግሞ ከላይኞች ወሰን አሳለፋት። ደስታው ሁሉንም ያስረሳቸው ይመስል፣ ተካንም ያስረሳው ይመስል ሮጠ። ታችኞች አሸነፉ። እየዘለሉ ትከሻቸው ላይ ሲያወጡት ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ሹሙ አጨበጨበ። ተካም አጨበጨበና አንድ ብርድ ልብስ ሸለመው።

ደበሌ ብርድ ልብሱን ለአደይ ወርውሮ ያኑ ቀን ወደ ተራራው ሊወጣ ተነሳ። ሀብተወልድን ካለበት ማስነሳት አለበት። መንገዱ ላይ ግን የተካ ሰዎች ተቀምጠው አገኘ፤ እንኳን አደረሰህ ጀግናው አሉትና ወደ ቤቱ መለሱት። በማግስቱም በሌላ በኩል ሞከረ፤ እዚያም ነበሩ። ኃይሌን ላከ፤ ኃይሌም ተመለሰ። ተካ ጅል አልነበረም።

ጥምቀት ሳይደርስ ሀብተወልድን ያዙት። ዘቢዳር ሥር ካለች የከብት ጎጆ ከበው ነው የያዙት፤ ወዴት እንደሚፈልጉ የነገራቸው ነበራ። በገበያ ቀን ቡታጅራ አምጥተው ሰቀሉት። ሰው ሁሉ እንዲያይ ታዞ ነበርና ደበሌም አየ። ሀብተወልድ ከመስቀያው ግንድ ሥር ሲቆም ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገና ደበሌ ላይ ሲደርስ ራሱን ነቅነቅ አደረገለት። ሰላምታ ይሁን፣ ወቀሳ ይሁን፣ ምን እንደሆነ እንጃ። ደበሌ ግን ያን ራስ ሲነቀነቅ ዕድሜውን ሙሉ አየው።

ሬሳውን አልሰጡም። የውድነሽን ቤት ከነእንሰቱ አቃጠሉት። እሳቱ ጣራውን ሲይዝ እሷ የወሰደችው ነገር ቢኖር በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለውን ዱላ ብቻ ነው። መንደሩ ለቅሶ ልቀመጥ ብሎ ሽማግሌ ቢልክ ተካ ጥርሱን እየፋቀ ከለከለ።

«አንዴ አልቅሳችሁለታል» አለ። «እኔም እዝን በልቻለሁ።»

እንዲህም ሆኖ በውሸት ሞቱ ጊዜ ጀፎረ ሙሉ ሰው ያለቀሰለት ሀብተወልድ በእውነት ሲሞት አንድ እንባ በአደባባይ አልፈሰሰለትም። ሰው ቤቱን ዘግቶ እንሰት እየፋቀ፣ በጭስ እያመካኘ አለቀሰ። ደበሌን ማንም አልወቀሰውም፤ ያ ነው የገደለው። ሰላምታ ይሰጡታል፣ እድር ላይ ቦታ ይለቁለታል። ስለዚያች ሜዳ ግን አንድም ሰው አይናገርም። ቢሰድቡት፣ ቢደበድቡት ይሻለው ነበር። ውድነሽ ወንድሟ ቤት ተጠግታ ትኖር ነበርና መንገድ ላይ ሲያገኛት ዳር ይይዛል። እሷም ነጠላዋን ታስተካክልና ታልፋለች። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ ገና በመጣ ቁጥር በአገሩ ጥንግ የለጋ አልነበረም።

በ፲፱፻፴፫ ጣሊያን ለቆ ሄደ፤ ተካም ወዴት እንደገባ ሳይታወቅ ቀረ። መንደሩ የመጀመሪያ ሥራው አድርጎ የሀብተወልድን ለቅሶ ተቀመጠ። ሦስት ዓመት አፍነው የያዙት እንባ ነውና ጀፎረው ተናወጠ። ደበሌ ከኋላ፣ ከሰው ጀርባ ቆሞ ነበር። ዱላውን የሚሰብር ሌላ ሰው ይጥሩ እያለ በልቡ ይለምናል፤ ሌላ ሰው ቢጠሩ ደግሞ እንደሚሞት ያውቃል።

ውድነሽ ሕዝቡን እየከፈለች መጣች። ቅጠሉ በስብሶ ረግፏል፤ ወይራው ግን እንደ ጥንቱ ያብለጨልጫል። በዚያ ሁሉ መከራ ቅቤ እየቀባች ኖራለች ማለት ነው። በሁለት እጇ ዘረጋችለት።

«ስበረው፣ ደበሌ» አለችው። «አሁን እውነት ነው።»

ደበሌ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቢጫነው አልሰበር አለ። ደግሞ ሞከረ። በመጨረሻ እሷ ጎንበስ አለችና አንዱን ጫፍ ያዘች። ሁለቱ አብረው ሲጫኑት ተሰበረ።

በሚቀጥለው ገና ጀፎረው ላይ እንደገና ተሰለፉ። ኃይሌ፣ አሁን ሙሉ ሰው ሆኗል፣ መጣና ደበሌ ፊት ቆሞ ዱላውን ዘረጋ። ደንቡም ይፈቅድ ነበር፤ አቻው ሞቷል፣ ዱላው ተሰብሯል። ታችኞች ና እንጂ አሉ። ደበሌ ራሱን ነቀነቀ። ከጀፎረው ዳር ሄዶ ተቀመጠ፤ ዱላውንም ሊያስቀምጥ ዘረጋና ቆልማማውን የሚያዞርበት አቅጣጫ አጣ። ወደ ዘቢዳር ቢል እዚያ የለም፤ ወደ ቡታጅራ ቢል መቃብሩ አይታወቅ። ስለዚህ ጭኑ ላይ አስተኝቶ ያዘው፣ ጨዋታው እስኪያልቅም እንደያዘው ተቀመጠ። ታችኞች ተሸነፉ።