የአለቃ ስም ያለበት ደንብ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጎንደር

ከቤት የወጣሁት ገና ሳልሄድ ደክሞኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋ አስተምሬያለሁ፤ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ከየት እንደ መነጨ ስጽፍ ስንት ጠመኔ እንደ ጨረስኩ እግዜር ይወቀው። አሁን ጉልበቴም ጉጉቴም አልቋል። ያም ሆኖ አጎቴ አለቃ ምናሴ ከደባርቅ ደወሉልኝ።

«እድሩ ሊፈርስብን ነው። እሑድ ካልተስማማን ለሁለት መከፈላችን ነው። ነይና ደንብ ጻፊልን፤ የአሜሪካንን ታስተምሪ የለ?»

አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እምቢ ማለት አልሆነልኝም።

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። ከታሪፍ በላይ ከፍለን፣ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን ተነሳን። እስከ ዳባት ሦስት ጊዜ ለፍተሻ ወረድን። ተሳፋሪው ሳይጠየቅ መታወቂያውን በእጁ ይዞ መውረድ ለምዷል። የዜጎችን መብት በምዕራፍ ከፋፍዬ የማስተምረው እኔም አንገቴን ደፍቼ ተሰለፍኩ።

ዳባት፣ አራት ሰዓት

ለቁርስ ቆምን። የገብስ ዳቦ በሻይ በላሁ፤ ዳቦው ትኩስ ነበር፣ ከጉዞው የወደድኩት እሱን ብቻ ነው። አጠገቤ የተቀመጠው የደባርቅ እህል ነጋዴ ስሙ ጌጡ ይባላል፤ የእድሩ አባል ሆኖ ተገኘ። የማን ዘመድ እንደሆንኩ ሳያውቅ ሆዱን ዘረገፈልኝ።

«ወይዘሮ ጥሩዬ ልጇን ምጥ ይዟት ከቀብር ብትቀር፣ ለሁለት ለቅሶ የድንኳኑን እንጨት ተሸከሚ ተባለች። ፈራጁ አለቃ ናቸው። እሳቸው በአጨዳው ሰሞን ሁለት ቀብር ሲቀሩ ግን ማን ተናገራቸው?»

ዳቦዬን አኘክሁ እንጂ አጎቴ ናቸው አላልኩም። ይህ ዝምታዬ በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ።

ደባርቅ፣ ሰባት ሰዓት

ጉሙ ከተማው ላይ ወርዷል። አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው በር ላይ ጠበቁኝ፤ ሰባ ዓመት ካለፋቸው ቆይቷል። ምሳ እንደበላን የደንቡን ደብተር አመጡ። በየአንቀጹ «አለቃ ምናሴ ሲፈቅዱ»፣ «አለቃ ምናሴ እንደ ፈረዱ» ይላል። ንብረት ያዡም ዳኛውም እሳቸው ናቸው። ቅሬታ ያለውም ለአለቃ ምናሴ ያመልክት ይላል።

«አጎቴ፣ ቅሬታው በእርስዎ ላይ ከሆነስ ለማን ያመልክት?» አልኳቸው።

«ለእኔ ነዋ!» አሉ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ደክሞኝም ቢሆን ሳቄ መጣ። ከዚያ ክፍል ውስጥ የምለውን አልኳቸው። የእንግሊዝ መሳፍንት ንጉሣቸውን ከሕግ በታች ነህ ብለው ማኅተም እንዳስመቱት፤ በመርከብ የተሰደዱ አማኞች መሬት ሳይረግጡ በጋራ ለመተዳደር ቃል ኪዳን እንደገቡ፤ ሮማውያን ሹማቸውን ሁለት አድርገው በየዓመቱ ይቀይሩት እንደነበር፤ ፈላስፎችም ሥልጣን ከሕዝብ በውል የተሰጠ አደራ ነው፣ አውጪው፣ አስፈጻሚውና ፈራጁ ይለያዩ እንዳሉ። አሜሪካኖቹ ይህን ሁሉ ለቃቅመው፣ ገና ላልተወለደ ሹም የሚሆን ሕግ ጻፉ።

«ቃል ኪዳንስ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው፤ አውቀዋለሁ» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ስሜን ሰርዢው እያልሽኝ ነው?»

«አዎ፣ አጎቴ።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ወጡ። እራት ላይም አላናገሩኝም። አለቀስኩ።

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

አባላቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ተሰበሰቡ። ረቂቁን አነበብኩ፦ ዳኛ በየዓመቱ ይመረጣል፤ ንብረት ያዥ ዳኛ አይሆንም፤ በዳኛ ላይ የሚቀርብ ቅሬታ በሦስት ሰዎች ይታያል። የማንም ስም የለበትም።

ወይዘሮ ጥሩዬ እጇን አወጣች። «እነዚያ አሜሪካኖች ሰው ሁሉ እኩል ነው እያሉ ባሪያ ይገዙ ነበር ይባላል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ሕጉ እንዲታረም ግን መንገድ ትተው ነበር፤ እሱም ቢሆን የታረመው ብዙ ደም ፈስሶ ነው።»

«እንግዲያው የእኛም ማረሚያ ይኑረው» አለች። ጨመርኩት። አጎቴ ሳይቀሩ እጃቸውን አነሱና ደንቡ ጸደቀ፤ ዳኛና ሦስቱ ሰዎችም ተመረጡ።

ያን ጊዜ ጌጡ ተነሳ። «እንግዲያው አለቃ ለቀሩባቸው ሁለት ቀብሮች ይቀጡ!»

«ዛሬ የወጣ ሕግ ወደ ኋላ ሄዶ ሰው አይቀጣም» አልኩ። «የአሜሪካኖቹም የእኛም ሕገ መንግሥት ይህንን ይከለክላል።»

«ዳባት ላይ አጎትሽ መሆናቸውን ደበቅሽኝ፤ ዛሬ ደግሞ ሕግ ጠቀስሽላቸው!» አለ። ጉርምርምታው ተነሳ። ግማሹ ሰው ጋቢውን እያራገፈ ቆመ። የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ሆኖም አጎቴን ስለሚያድን ደስ ብሎኝ ነበር።

አጎቴ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ተቀመጡ። ከቀብር የቀረ እንጨት ይሸከም የሚለው ዛሬ አልወጣም፤ ያጻፍሁት እኔ ነኝ። ከአለቃ በቀር የሚል ቃል አለበት? ዛሬ የተገኘው የሚፈርድብኝ ሰው ነው እንጂ ሕጉስ ነበረ።»

የቆሙት አንድ በአንድ ተቀመጡ። ሦስቱ ሰዎችም እንደ ማንኛውም ቀሪ፣ ለሁለቱ ቀብር አራት ለቅሶ እንጨት ይሸከሙ ብለው ፈረዱ።

ሰኞ፣ መመለሻ

መንደሩ ውስጥ ሰው ሞቶ አደረ። ወደ መናኸሪያ ስሄድ አጎቴን የድንኳኑን እንጨት ተሸክመው አገኘኋቸው። በየጥቂቱ እየቆሙ ይተነፍሳሉ። ወይዘሮ ጥሩዬ ጎን ጎናቸው ትሄዳለች።

«ጫፉን ልያዝልዎት?» አለቻቸው።

«አንቺን ማን ያዘልሽ?» አሉና ቀጠሉ።

እኔን ሲያዩ በዓይናቸው ብቻ ተሰናበቱኝ። ሦስቱን ፍተሻ እንደገና አልፌ ጎንደር ስገባ መሽቶ ነበር። ሥልጣን በጽሑፍ ይገደባል እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ሲገደብ በዓይኔ ያየሁት ግን በዚህ ጉዞ ነው፣ ያውም በምወደው ሰው ትከሻ ላይ። ጫማዬን ሳላወልቅ ደወልኩላቸው።

«ትከሻዎ እንዴት ነው?»

«ያማል። ገና ሦስት ለቅሶ ይቀረኛል።»

«ሽማግሌ ነዎት እኮ። ለሦስቱ ሰዎች ልንገርና ይተዉልዎት?»

«ልጄ» አሉኝ፣ «አስተማሪዋ አንቺ አልነበርሽ?»