የፍልሰታ ንግደትና የአባቴ ጆሮ

ድሮ የዘርዓ ክህነት ተማሪ ነበርኩ ስል ሰው ሁለት ነገር ይጠብቃል፤ ወይ እንድጸጸት ወይ እንድቀልድበት። እስካሁን ሁለቱንም አላደረግሁም። ካነበብኩት የተነሳ የማልጠራጠረው ነገር ጥቂት ነው፤ ያኔ በለበስኩት ረጅም ነጭ የተማሪ ቀሚስ ግን እስከ ዛሬ እኮራለሁ። ከምክንያቶቼ አንዱን ልንገራችሁ።

የተወለድኩት አቃቂ፣ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። አባቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ጆሮውን ስለጎዳው ሹክ የሚለውን ነገር እንኳ ጎረቤት ይሰማል። እኔ የካቶሊክ ደናግል የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት ተማርኩና ካቶሊክ ሆንኩ፤ ከዚያ ቄስ ልሆን ዘርዓ ክህነት ገባሁ። አባዬ አልመታኝም፣ አላባረረኝም። ለሰፈሩ ሰው ግን “ኮሌጅ ገብቷል” ይል ነበር። በእሱ ቤት እኔ ቀሚስ የለበስኩ ጴንጤ ነበርኩ።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ የቁምስናችን፣ ማለት የአጥቢያችን፣ ምእመናን በየፍልሰታው ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር በሚያደርጉት መንፈሳዊ ጉዞ፣ በንግደቱ ላይ እንድሰብክ የዘርዓ ክህነቱ አለቃ መረጡኝ። እማዬ ይህን እንደሰማች “አንድ ቀን እንኳ ስማው” ብላ አባዬን ወጥራ ያዘችው። ተስማማ፤ ግን እንዲህ ብሎ ነው፦

“እመቤታችንን እንደ ጎረቤት ሴት ስሟን በባዶው ሲጠራት ከሰማሁ ዞሬ ቤቴ ነው የምገባው። ከዚያ ወዲያ ልጅ አለኝ አልልም።”

ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው። እማዬም እኔም ይህን እናውቃለን።

ማለዳ ተነሳን። የምንሄደው ወደ ኮዬ ፈጬ በኩል፣ ኮረብታ ላይ ወደምትገኝ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሁሉ ያኔ የጤፍ ማሳ ነበር። የነሐሴ ዋልካ ጫማችን ላይ እየተለጠፈ እያንዳንዳችንን በቁመት አሳደገን። አባዬ ጥቁር ጃንጥላውን ይዞ ከሰልፉ ጎን፣ ከሰልፉ ሳይቆጠር ይሄዳል። ለጠየቀው ሁሉ “ባለቤቴ እንዳትወድቅ ነው” ይላል። እማዬ ቀድማን ሄዳለች።

ከፊታችን ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ የተቀጠሩ ወጣቶች እየዘመሩ ቆሎ ይቆረጥማሉ። አባዬ ጠጋ አለኝ።

“ጾም ነው አላልከኝም?”

“ቆሎ እኮ የጾም ነው አባዬ።”

“ቆሎውን መች ጠየቅሁህ? ሰዓቱን ነው።”

ወጣቶቹ ሰምተው ዞሩ። አንዱ ፈገግ ብሎ “አባባ፣ እርስዎም ይዝገኑ እንጂ” አለው። አባዬ ሰማዩን አየ። እኔ ከዚያ በኋላ ስለ ስብከቴ ማሰብ አቃተኝ፤ አባዬ ክስ እያጠናቀረ እንደሆነ ገብቶኛል።

ኮረብታው ላይ ቅዳሴው የተደረገው ሸራ ወጥረን ነው። አባዬ ከሸራው ውጭ፣ ከጃንጥላው ሥር ቆመ። ወንጌሉ እንደተነበበ አለቃው በዓይናቸው ጠሩኝ።

በስብከት ክፍለ ጊዜ የተማርነው አሳጥሩ፣ አትጩኹ፣ አታስለቅሱ የሚል ነው። ጥሩ ትምህርት ነው፤ ብዙ ሰባኪዎች ቢማሩት ደስ ይለኛል። እኔ ግን ከሸራው ውጭ ላለ ለአንድ ደንቆሮ ሰው መናገር ስለነበረብኝ ጮህኩ። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም ዘመዷን ኤልሳቤጥን ልትጠይቅ ወደ ተራራማው አገር ስለሄደችው ጉዞ ሰበክሁ። አርግዛ መንገድ የገባችው እሷ ናት፤ እኛ ጭቃውን የምናማርረው ምን ተሸክመን ነው አልኩ። የዘመዷን በር ስትደርስ ጥያቄ ሳይሆን ሰላምታ አስቀደመች፤ ሕፃኑም በማኅፀን የዘለለው ሰላምታውን ሰምቶ ነው አልኩ። እዚህ ላይ ዓይኔ ወደ ጃንጥላው ሄደ። አልተንቀሳቀሰም።

ጨረስኩ። በእኛ ዘንድ ከስብከት በኋላ ጸጥታ ነው። ሰው አንገቱን ደፍቶ ያሰላስላል፣ ከዚያ ቅዳሴው ይቀጥላል። በኦርቶዶክስ ዘንድ ደግሞ ምእመኑ ሰባኪውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመርቃል። ያ ሁሉ ሕዝብ አንገቱን ደፍቶ ሳለ ከጃንጥላው ሥር እንደ ፋብሪካ ፊሽካ ያለ ድምፅ ወጣ፦

“ቃለ ሕይወት ያሰማልን!”

ሰው ሁሉ ዞረ። አባዬ የት እንዳለ ያስታወሰው ያኔ ይመስለኛል፤ ጃንጥላውን ፊቱ ላይ ዝቅ አደረገ። ግን ያለውን መልሶ ሊውጠው አይችልም። ከቆሎ በሊታዎቹ አንዱ “አሜን!” አለ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሸራው ሥር ያለው በሙሉ። አለቃው ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

“ሰውየው ማነው?”

“አባቴ ነው።”

“በየእሑዱ አምጣው።”

ስንመለስ አባዬ ከጎኔ ሄደ። ብዙ ከተጓዝን በኋላ “ለቃሉ ነው ያልኩት” አለ። “አንተማ ገና ነህ።” ጉሮሮውን ጠራረገና “እጅህን ግን አታወናጭፍ” ብሎ ጨመረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ዘርዓ ክህነቱን ለቅቄ ስመጣ እማዬ እልል አለች፤ የልጅ ልጅ ታይቷታል። አባዬ ግን ለብዙ ቀን አኮረፈኝ። ምን እንዳስከፋው ስጠይቀው ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኸብኝ፦

“ለሰው ሁሉ ሰባኪ ነው ብዬ ጨርሼ! አሁን ምን ልበላቸው?”