ያለ አስከባሪ የቆመ ሰልፍ

ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ፣ ከቀበሌው ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ጋሽ ገሰሰ ለአሥራ አራት ዓመት ሰልፍ አስከብረዋል። ስኳር የመጣ ለት የሰልፉ ጭራ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ ይደርሳል፤ ከላይ ያየው ፓይለት ማኮብኮቢያ መስሎት ጎማውን አውርዶ ሊያርፍበት ሲል ለጥቂት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚውል ጉልበት ማንም ስለሌለው፣ ሰዉ ድንጋዩን አሰልፎ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የአሰገደች ጥቁር ድንጋይ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ የሙነወር የዛገ ጣሳ፣ የሌላው ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም በባለቤቱ ፈንታ ተራ ይዞ ይጠብቃል። ጋሽ ገሰሰ ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ ዱላቸውን ጨብጠው ከፊት ይቆማሉ። ሰው ሲጠፋ ድንጋዮቹንም «ወደ ኋላ በሉ» ይሏቸዋል።

ጋሽ ገሰሰ በዚህ ዓለም እርግጠኛ የሆኑበት ነገር አንድ ነው፤ ሰው ያለ አስከባሪ ግማሽ ቀን አይውልም፣ ይበላላል። በንጉሡ ጊዜ ሥራቸው ከማኮብኮቢያው ላይ ላም ማባረር ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ከላም ወደ ሰው ተዛወሩ እንጂ ዱላው እንኳ አልተለወጠም።

የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ባለቤታቸው ፈለቀች ከሞተች ስምንት ዓመት ሆኗታል። ቤት ሲገቡ የሚያነጋግራቸው የለም፤ ቀን ወደ ሰልፈኛው ጠጋ ሲሉ ደግሞ ጨዋታው ድንገት ወደ አየር ጠባይ ይዞራል። የሰሙትን ሁሉ ለቀበሌ ያደርሳሉ ተብሎ ይፈራላ። ስለዚህ ስለ ደመና ያልተነገራቸው ነገር አልነበረም፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደተዳረ ግን የሚሰሙት ከሁሉ በኋላ ነው።

በሰማንያ ሦስት ግንቦት፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ የአገሪቱ መሪ ጥለው መሄዳቸውን ራዲዮ ተናገረ። ረቡዕ የቀበሌው ሊቀመንበር ገብረየስ ቢሮ ሳይገባ ቀረ። ሐሙስ የሱቁ ሻጭ ቁልፉን ለጋሽ ገሰሰ ሰጥቶ «መጣሁ» ብሎ ወጣ፤ እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። ምክትል ፕሬዚዳንት አለ ይባል ነበር፤ ቢኖርም ቦሌ ድረስ የሚመጣበት ታክሲ አላገኘም። ሱቁ ውስጥ አሥራ አንድ ኩንታል ስኳር ተቀምጧል።

ጋሽ ገሰሰ በሩን ቆልፈው ደጃፉ ላይ ተቀመጡና ግርግሩን ጠበቁ። እውነቱን ለመናገር ናፈቁት። ሰዉ ሲሻማ፣ ሲናከስ፣ ሲጨርስም «ጋሽ ገሰሰ፣ ይድረሱልን» ሲል ታያቸው።

አርብ ጠዋት አሰገደች ድንጋይዋን ልታይ መጣች።

«አይከፍቱም እንዴ፣ ጋሽ ገሰሰ?»

«ትእዛዝ ሲመጣ።»

«ከማን?»

ትንሽ አሰቡ። «ከሚመለከተው አካል።»

«እሱማ ተሳፈረ» አለ ሙነወር ጣሳውን እያስተካከለ። «በራሳችን ላይ ነው ያለፈው። እኔ እጄን አውለብልቤለታለሁ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። ጋሽ ገሰሰ ቀና ሲሉ ሳቁ ተቆረጠና አንዱ «ዛሬስ ደመና ነው» አለ።

ግርግሩ አርብም አልመጣም። ቅዳሜ ሰዉ ለምሳ ወደየቤቱ ሲገባ ጋሽ ገሰሰ ግራ ቀኙን አዩ። የአሰገደችን ድንጋይ ከሦስተኛው ተራ አንስተው አርባኛው ላይ አኖሩት። የሙነወርን ጣሳ ከሁሉ ፊት አመጡት። እጃቸው አንዴ ከለመደ በኋላ ከሃያ የማያንስ ተራ አመሳቀሉ። ከዚያ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥሉን ጠበቁ፤ ልባቸው እንደ ሙሽራ ልብ ይመታ ነበር።

ቀድማ የደረሰችው አሰገደች ናት። ወገቧን ይዛ አየችው።

«ምን ነካው ይሄን?»

«ከብት ይሆናል» አለ ከኋላዋ የደረሰው ሙነወር። «ያንቺ ከመሪጌታ ድንጋይ ቀጥሎ ነው። እኔ ካንቺ ሰባት ሰው አልፌ ነኝ።» ጣሳውን ከፊት አንስቶ ራሱ ወደ ኋላ ወሰደው።

«የመኪያን ከፊት አድርጉላት፣ ትናንት ተገላግላለች» አለች አሰገደች። የተቃወመ አልነበረም። ሰዉ እየመጣ፣ አንዱ የሌላውን ድንጋይ በስሙ እየጠራ፣ ሻይ በማይፈላበት ጊዜ ውስጥ መቶ አርባ ሁለቱም ድንጋይ፣ ጣሳና ጫማ ቦታ ቦታው ገባ።

ጋሽ ገሰሰ «ወደ ኋላ» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ኋላ የሚባል ሰው አጡ። ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ለአሰገደች ሰጧት።

እሷ ተራ ጠራች፣ ሙነወር በሚዛኑ መዘነ፣ ሒሳቡ ሻጩ እስኪመለስ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ጋሽ ገሰሰ በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ። የሳቸው ስኳር ድሮም በጓሮ በር ነበር የሚወጣው።

«የእርስዎ ድንጋይ የትኛው ነው፣ ጋሽ ገሰሰ?» አለች አሰገደች። ለነገር አልነበረም፤ ስማቸውን ልትጠራ ፈልጋ ነው።

«እኔ... ድንጋይ የለኝም።»

«እንግዲያው ተራ ይያዙ፣ ይደርስዎታል» አለ ሙነወር ከሚዛኑ ሳይነሳ።

ሰልፉን ይዘው ወረዱ። የቦሌ መንገድ እንዲህ ረዝሞባቸው አያውቅም። መጨረሻው ላይ ደርሰው ዞረው ሲቆሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፉን ከኋላው አዩት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ፊት ነበር፤ አሁን ያለው ሁሉ ጀርባ ነው፣ ማንነቱ የማይለይ ጀርባ። ከፊታቸው ወዳለችው ሴት ጠጋ አሉ።

«መኪያ ምን ወለደች?»

ሴትዮዋ ዞር ብላ ክንዳቸው ላይ ያለውን ቀይ ጨርቅ አየች። «ለምን ፈለጉት?»

«እንዲያው ነው።»

«ሴት» አለችና ፊቷን መለሰች።

አንድ ሰው እያለከለከ መጣ። «የመጨረሻው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ገሰሰ።

ሰውዬው ከኋላቸው አንድ ድንጋይ አስቀምጦ ሄደ። ጋሽ ገሰሰ በሴትዮዋ ጀርባና በድንጋዩ መካከል ቆሙ። ቆይተው ጎንበስ አሉና ድንጋዩን ወደ ራሳቸው ትንሽ አስጠጉት።